ፋሮ ደሴቶች በ4 ቀን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ሰሞኑን ከስካንዲኔቪያና ከጀርመን የምትጽፉልን አንባቢዎች ስለ ፋሮ ደሴቶች መጠየቅ አብዝታችኋል። ፎቶውን አይቶ ልቡ ያልተነሳ የለም መሰለኝ። ቦታውን ለማያውቅ፦ በስኮትላንድ፣ በኖርዌይና በአይስላንድ መሀል አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያሉ 18 ደሴቶች ናቸው። ከአንዷ በስተቀር ሁሉም ላይ ሰው ይኖራል። ሕዝቡ 55 ሺህ ቢሆን ነው፣ በጉ ከሰው ይበልጣል። በዴንማርክ ዘውድ ሥር ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል። ከደብዳቤዎቻችሁ ብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ማልሞ ነው። በጁላይ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ አብረን ለ4 ቀን ፋሮ ልንሄድ ነው። ዕቅዳችን ይኸውላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ዋና ከተማዋን ቶርስሃቭንን እናያለን፣ በሁለተኛው ካልሶይ የምትባለውን ደሴት፣ በሦስተኛው ሳክሱንና ጄግቭ የሚባሉትን መንደሮችና ስሌታራቲንዱር የሚባለውን ተራራ፣ በአራተኛው ጠዋት ሚቺነስ ደሴት ደርሰን ማታ ወደ ኮፐንሃገን እንበራለን። ይበዛል? ሌላ ማወቅ ያለብን ነገርስ አለ? (የማልሞዋ አንባቢ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዕቅዱን ከማየታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የወንድምሽን ቲኬት ገዝተሻል? ካልገዛሽ ቆዪ።

ፋሮ የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የለም፣ ሼንገን ውስጥም የለም። ወንድምሽ የሚመጣው በሼንገን ቪዛ ከሆነ ያ ቪዛ ብቻውን ፋሮ አያስገባውም። ቪዛው ለፋሮ ደሴቶችም እንደሚሠራ ላዩ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፣ ይህን የሚሰጡት ደግሞ የዴንማርክ ኤምባሲዎች ናቸው። ሰዎች የሚሳሳቱት ከኮፐንሃገን ሲነሱ እንደ ሌላ አገር ጉዞ የድንበር ቁጥጥር ስለማይገጥማቸው ነው። ማንም ስላልጠየቀሽ ተፈቅዷል ማለት ግን አይደለም፣ በኋላ ላይ ሌላ ቪዛ ሲጠይቅ መዘዙ የሚመጣው በሱ ላይ ነው። አንቺም ብትሆኚ የስዊድን ፓስፖርት ካለሽ ጣጣ የለብሽም። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በመኖሪያ ፈቃድ የምትንቀሳቀሺ ከሆነ ግን "የስዊድን ወረቀት አለኝ" ብለሽ አትተማመኚ። ለዴንማርክ ኤምባሲ ጻፊና መልሱን በጽሑፍ ያዢ። ይህ ሳያልቅ አንድ ብር አታውጪ።

አሁን ወደ ዕቅድሽ። አዎ ይበዛል፣ ግን ከብዛቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሚቺነስን የመጨረሻው ቀን ላይ ማድረግሽ ነው። ሚቺነስ በምዕራብ በኩል የመጨረሻዋ ደሴት ናት። በበጋ ከሶርቮጉር መንደር በጀልባ 45 ደቂቃ ይፈጃል፣ በክረምት እዚያ የሚቀረው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ጀልባው የሚያርፈው ገደል ሥር ያለች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ማዕበል ከተነሳ ጀልባው መጠጋት አይችልም፣ ጉዞው ይሰረዛል። የባሰው ደግሞ ጠዋት በሰላም ወስዶሽ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ተነስቶ ሊመልስሽ አለመቻሉ ነው። ይህ እዚያ የተለመደ ነገር ነው፣ የደሴቲቱ ሰዎችም አይገርማቸውም። አንቺ ግን ማታ አውሮፕላን አለሽ።

ስለዚህ ሚቺነስን ወደ መጀመሪያ አምጪው። በደረሳችሁ ማግስት ያዙት። ከተሰረዘ ቀጣዩን ቀን ትሞክራላችሁ። ባይሳካ እንኳ አውሮፕላን አላመለጣችሁም። ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ የጀልባውን ቲኬት ቀድማችሁ ግዙ፣ ሲሰረዝ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስም ስትገዙ ጠይቁ።

ከቻላችሁ እንዳያመልጣችሁ የምፈልገው ደግሞ በፓፊኖቹ ምክንያት ነው። ፓፊን ርግብን የምታህል የባሕር ወፍ ናት፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ ምንቃሯ ብርቱካናማ። ጎጆዋን የምትሠራው ዛፍ ላይ አይደለም፣ ዛፍ የሚባል ነገር የለማ። ሣሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍራ ነው የምትፈለፍለው። በጁላይ ከባሕር ስትመለስ ትናንሽ ዓሣዎች በምንቃሯ ላይ አግድም ተደርድረው ታያለሽ፣ ለጫጩቷ ነው። እግረኛው መንገድ በነዚህ ጉድጓዶች መሀል ያልፋል። መንገዱ ላይ ቆማችሁ ፎቶ ስታነሱ ወፏ ማረፍ አቅቷት በላያችሁ መዞር ከጀመረች ዘወር በሉላት። ከመንገዱ አትውጡ፣ የምትረግጡት ሣር ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ውስጡም ጫጩት አለ። የፓፊን ቁጥር በዓለም ላይ እየቀነሰ ነው፣ ይህንን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። እዚያው መርከቦችን ወደሚመራው መብራት ማማ የሚወስደው መንገድ አልፎ አልፎ ስለሚዘጋም ከመነሳታችሁ በፊት ማጣራት ጥሩ ነው።

የቀሩትን ቀናት በቦታ አትቆልፏቸው። የቦታ ዝርዝር ይኑራችሁ፣ የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚሆን ግን ጠዋት ተነስታችሁ ወስኑ። ፋሮ ላይ አየሩ ከደሴት ደሴት ይለያያል፣ ቶርስሃቭን ላይ ዝናቡ ሲወርድ ከአንድ ሰዓት መንገድ በታች ያለች መንደር ፀሐይ ልትሞቅ ትችላለች። የመንገዶች መሥሪያ ቤታቸው ላንድስቬርክ በየደሴቱ የመንገድ ካሜራዎች አሉት፣ በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ። ቁርስ እየበላችሁ ካሜራዎቹን እዩና ወደ ጠራው በኩል ሂዱ። የአየር ትንበያ ከማየት ይህ ይሻላል።

ማረፊያችሁ አንድ ቦታ ይሁን። ቶርስሃቭን ለሁሉም አማካይ ናት። ደሴቶቹን የሚያገናኙት ከባሕር ሥር የሚያልፉ ዋሻ መንገዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የተከፈተው 11 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፣ መሀሉ ላይ ደግሞ አደባባይ አለ፣ ከባሕር ወለል በታች አደባባይ! በዓለም የመጀመሪያው ነው። በ2023 መጨረሻም ሌላ ተከፍቶ ሳንዶይ ደሴትን አገናኝቷል። ዋሻዎቹ ይከፈልባቸዋል፣ መኪና ስትከራዩ ሒሳቡ እንዴት እንደሚታሰብ ጠይቁ።

አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ቮጋር ደሴት ላይ ነው። ስለዚህ ቮጋር ላይ ያሉትን ለመግቢያና ለመውጫ ቀን አስቀምጧቸው። አንዱ ሶርቮግስቫትን ሐይቅ ነው፣ ያ ፎቶው ላይ ከውቅያኖሱ በላይ በመቶ ሜትሮች ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የሚመስለው። እውነቱን ለመናገር ከባሕሩ የሚበልጠው ከ30 እስከ 40 ሜትር ቢሆን ነው። ፎቶውን እንዲያ የሚያስመስለው ትሬላኒፓ የሚባለው ገደል ነው፣ 142 ሜትር ነው፣ እሱ ላይ ሆነሽ ስታይው ሐይቁ ከገደሉ ጋር እኩል የሆነ ይመስልሻል። እንዲያም ሆኖ ያምራል። መንገዱ ደልዳላ ነው፣ ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሌላው ጋሳዳሉር ናት፣ ሙላፎሱር የሚባለው ፏፏቴ ከመንደሯ ሥር ቀጥታ ባሕር ውስጥ ይወርዳል። እዚያ መኪና አቁማችሁ ጥቂት ደቂቃ ብትራመዱ በቂ ነው።

ካልሶይ ለመሄድ ከክላክስቪክ ከተማ ጀልባ ትይዛላችሁ፣ 20 ደቂቃ ነው። መኪናችሁን ክላክስቪክ ትታችሁ በእግር ግቡ። ጀልባዋ የምትጭነው መኪና ጥቂት ስለሆነ በበጋ ሰልፉ አያድርስ ነው። ማዶ ስትወርዱ ከጀልባዋ ሰዓት ጋር የሚገናኝ አውቶቡስ እስከ መጨረሻዋ መንደር ትሮላነስ ያደርሳችኋል። ከዚያ እስከ ካሉር መብራት ማማ ደርሶ መልስ 2 ሰዓት ገደማ በእግር ነው፣ ጭቃ አለው። ማማው ጋ ስትደርሱ ግራና ቀኝ ገደል ነው። ከማማው አለፍ ብሎ ለፎቶ ብለው የሚሄዱበት ቀጭን ሸንተረር አለ፣ እባካችሁ እዚያ አትሂዱ። ውሃና ምግብ ከክላክስቪክ ገዝታችሁ ያዙ።

ስሌታራቲንዱር የአገሩ ትልቁ ተራራ ነው፣ 880 ሜትር። ሰማዩ ከጠራ ከላይ ሆኖ ደሴቶቹን ማየት ይቻላል። ጫፉ ጉም ከለበሰ ግን ተዉት፣ ምንም አታዩም፣ መውረዱም አደገኛ ነው። ሳክሱንና ጄግቭ በዝናብም ቢሆን ያምራሉ፣ ለመጥፎ ቀን አስቀምጧቸው።

ስልክሽን ደግሞ አትርሺ። የአውሮፓ ኅብረት ነፃ ሮሚንግ እዚያ አይሠራም። ኦፕሬተርሽ ፋሮን ይጨምር እንደሆነ ጠይቂ፣ ካልጨመረ ዳታሽን ዝጊና እዚያው ሲም ግዢ፣ ካልሆነ የስልክ ሒሳቡ ጉድ ያደርግሻል። ኔትወርኩ ግን ጥሩ ነው፣ ገጠሩ ላይም ይሠራል።

ጥያቄ፦ እኔ ስሜን ተራሮችን በእግሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ራስ ደጀን ጫፍ ደርሻለሁ። ፋሮ ላይ ትልቁ ተራራ 880 ሜትር ነው ሲሉኝ አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ከፍ ትላለች አልኩ። የተራራ ጫማ የግድ ነው ወይስ ስኒከር ይበቃል? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ራስ ደጀን ከወጣህ ትንፋሽህ አይጠረጠርም። እዚህ ግን የሚፈትንህ ከፍታ አይደለም። ስሜን ላይ ዋናው ችግር የአየሩ መሳሳትና የሌሊቱ ብርድ ነው፣ ከፊትህ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ አስጎብኚ፣ ከጎንህ ጠብመንጃ ያነገተ ስካውት አለ፣ ዕቃህን በቅሎ ትሸከምልሃለች። ፋሮ ላይ ብዙውን ጊዜ ብቻህን ነህ። መንገዱ ርጥብ ሣር ነው፣ ሣሩ ቁልቁል ዘንበል ብሎ ይሄድና በድንገት ያልቃል፣ ከዚያ ባሕር ነው። አጥር የለም። ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ የሌለበትም ብዙ ቦታ አለ። ርጥብ ሣር ላይ በስኒከር ቁልቁል መውረድ እንዴት እንደሚያንሸራትት ዝናብ ባለበት ቀን አንድ ቦታ ላይ ሞክረው፣ ያኔ ራስህ ጫማ ትገዛለህ። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ውሃ የማያስገባ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ የግድ ነው። አዲስ ከሆነ ከመሄድህ በፊት አድርገው ተራመድበት፣ አለዚያ በመጀመሪያው ቀን እግርህ ይላጣል።

ንፋሱን ደግሞ አትናቀው። የተከራየኸውን መኪና በር ስትከፍት በእጅህ አጥብቀህ ያዝ። ቀልድ አይደለም፣ ንፋሱ በሩን ነጥቆ ወደ ፊት ያጥፈዋል፣ ብዙ ኢንሹራንስ ደግሞ ይህን አይሸፍንም። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ግራና ቀኝ በር አትክፈቱ። ገደል ዳር ሲሆን ንፋሱ ከጀርባህ እየገፋህ ከሆነ ወደ ጠርዙ አትጠጋ፣ ማየት ከፈለግህ በሆድህ ተኝተህ እይ።

ጉም ከሁሉም ይከፋል። ከባሕር ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ ተራራውን ይሸፍነዋል። የድሮዎቹ የእግር መንገዶች፣ ሰው ከመንደር መንደር ቤተ ክርስቲያን ለመሳም፣ ቀብር ለመድረስ ይሄድባቸው የነበሩት፣ በድንጋይ ክምር ምልክት የተደረገባቸው ናቸው። አንዱ ክምር ጋ ሆነህ ቀጣዩን ታያለህ። ቀጣዩ ካልታየህ ያለህበት ክምር ጋ ቁጭ በል። ልብስህን ደርብ፣ የያዝከውን ብላ፣ እስኪገልጥ ጠብቅ። "እዚህ ጋ መሆን አለበት" ብለህ በግምት አትሂድ። ችግር ከመጣ 112 ደውል። ስትነሳም የት እንደምትሄድና ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ላረፍክበት ቤት ሰው ንገር።

ልብስ ላይ፣ በጁላይ ቀኑ 11 ወይም 13 ዲግሪ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይመጣል። ጃንጥላ ቤትህ ተወው። ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ ከሥር የሱፍ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ጓንት። ጂንስ አትልበስ፣ አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ኦገስት አጋማሽ ላይ ልንሄድ አስበን ነበር፣ ጾመ ፍልሰታ ግን በዚያው ጊዜ ነው። እዚያ የጾም ምግብ ይገኛል? ወይስ ቀኑን እንቀይር? (ከጎተንበርግ)

መልስ፦ ከቻላችሁ ቀይሩ፣ ለጾሙ ብቻም አይደለም። ቀን መቁጠሪያ አውጥተን እንየው። የሐዋርያት ጾም ተፈቶ ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው፣ ጁላይ 12 ማለት ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ኦገስት 7። በመሀሉ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ጾም የለም። ፓፊኖቹ ደግሞ ኦገስት ሲጋመስ ወደ ባሕር መሄድ ይጀምራሉ፣ አጋማሹ ላይ ብትሄዱ ባዶ ጉድጓድ ልታዩ ነው። ጁላይ 28 እና 29 ኦላቭሶካ የሚባል ብሔራዊ በዓላቸው ስለሆነ ቶርስሃቭን ትጨናነቃለች፣ ማረፊያ ይወደዳል፣ ሱቅ ይዘጋል። የባህል ልብስና ጭፈራ ማየት ለሚወድ ሰው ጥሩ ጊዜ ነው፣ ተራራ ለሚፈልግ ግን አይመችም። እንግዲህ ለእናንተ የሚስማማው ከጁላይ 13 እስከ 26 ያለው ነው። ሌሊቱም በዚያ ሰሞን አይጨልምም ማለት ይቻላል፣ ጠዋቱ ከዘነበ እራት በልታችሁ መውጣት ትችላላችሁ።

ቀኑ የማይቀየር ከሆነ ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ። ከተማው ውስጥ አትክልት ያለው ምግብ አይጠፋም፣ መንደሮቹ ላይ ግን ብዙዎቹ ምግብ ቤት እንኳ የላቸውም። ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራዩ። ሽሮ፣ ምስር፣ በርበሬ ከቤት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም እዚያ ሱፐርማርኬት ትገዛላችሁ። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ግዙ። ለመንገድ ደግሞ ከበሶ የሚበልጥ የለም። በውሃ መያዣችሁ በጥብጣችሁ ብትጠጡት ተራራው ላይ እስከ ከሰዓት ያቆያችኋል። የሚገርመው እዚያም የድሮ ሰዎች የሚያበቅሉት እህል ገብስ ነበር፣ አየሩ ሌላ አያበቅልም።

ጾም ላይ ካልሆናችሁ የአገሩን ምግብ ቅመሱ። ስከርፒኮት የሚባል የበግ ሥጋ አላቸው፣ ግድግዳው ክፍተት ባለው የእንጨት ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ለወራት በንፋስ ብቻ የሚደርቅ። ቋንጣ በሉት፣ ግን በርበሬም ጨውም የለውም፣ ሽታው ደግሞ ከሩቅ ይጣራል። እኔ ወድጄዋለሁ፣ የማይወዱትም አይፈረድባቸውም። ሃላል ለምትፈልጉ አንባቢዎች ዓሣው ትኩስና በየቦታው ያለ ነው፣ እሱ ላይ ተመኩ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 68 ነው፣ ኦርሁስ ከልጄ ቤተሰብ ጋር ነው የምኖረው። ልጆቹ ፋሮ ካልሄድን ብለዋል። ጉልበቴን ያመኛል፣ ገደል መውጣት አልችልም። ልቅርባቸው? (የኦርሁሱ አባት)

መልስ፦ አይቅሩ አባቴ። ልጆቹ ተራራ በሚወጡበት ቀን እርስዎ የሚያዩት ሞልቷል፣ መኪና ካለ በቂ ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምወስድዎ ኪርኩቦር የሚባል መንደር ነው። ከቶርስሃቭን 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። ባሕሩ ዳር አንድ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ዛሬም ይቀደስበታል። ከጎኑ የቅዱስ ማግኑስ ካቴድራል ግድግዳ ቆሟል፣ እ.ኤ.አ. በ1300 አካባቢ የተጀመረ፣ ጣሪያ የለውም። ፊት ለፊቱ ደግሞ ጥቁር የእንጨት ቤት አለ፣ ዕድሜው 900 ዓመት አካባቢ ነው፣ ጣሪያው ላይ ሣር በቅሏል፣ አንድ ቤተሰብ ለ17 ትውልድ ኖሮበታል። አሁንም ይኖሩበታል። ሦስቱ ጥቂት እርምጃ ነው የሚራራቁት። ዛፍ በሌለበት አገር ያንን ሁሉ ግንድ ከየት አመጡት ብለው መጠየቅዎ አይቀርም፣ ከኖርዌይ በባሕር ነው የመጣው ይላሉ። አሮጌ ደብር አይተው ላደጉ ሰው ይህ ቦታ ብቻውን ለጉዞው ይበቃል።

ጋሳዳሉርንም ይዩ። ፏፏቴው ለመኪና ማቆሚያው ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2004 ድረስ ያቺ መንደር የመኪና መንገድ አልነበራትም። ፖስተኛው በሳምንት 3 ጊዜ ደብዳቤውን ተሸክሞ ተራራውን ተሻግሮ ይመጣ ነበር። በኋላ የመኪና ዋሻ የተቆፈረላት ለጥቂት ቤተሰብ ተብሎ ነው፣ ይህን ሳስብ ያንን ገንዘብ ለጥቂት ሰው ያወጣን አገር አከብራለሁ። ተራራው ላይ ያለውን የፖስተኛውን መንገድ ልጆቹ ይውጡት፣ ቀጥ ያለ ነው፣ እርስዎ ማዶ ሆነው ይጠብቋቸው።

ቶርስሃቭን ውስጥ ቲንጋነስ የሚባለው ሰፈር አለ፣ ቀያይ የእንጨት ቤቶች ባሕሩ ውስጥ በገባ ድንጋይ ላይ። የመንግሥት ቢሮዎች ናቸው፣ ሰው ግን በመሀላቸው እንደልቡ ያልፋል። ድንጋዩ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት ከዘራ ይያዙ። የከተማው ቀይ አውቶቡስ በነፃ ነው። ከዚያው ወደብ ኖልሶይ የምትሄድ ጀልባ አለች፣ 20 ደቂቃ፣ ደርሶ ቡና ጠጥቶ መመለስ ጥሩ የከሰዓት ጉዞ ነው። ቬስትማና ላይ ደግሞ በጀልባ ገደሎቹ ሥር የሚያስጎበኙ አሉ፣ ባሕሩ ጸጥ ካለ ብቻ ይግቡ።

ጥያቄ፦ ተራራ ለመውጣት ገንዘብ ያስከፍላሉ የሚባለው እውነት ነው? አጥር ካልተበጀ በሌላ በኩል መግባት አይቻልም? ድንኳንስ የትም መትከል ይቻላል? በሄሊኮፕተር መሄድስ? (ከኦስሎ፣ ሁለት ጓደኛሞች)

መልስ፦ እውነት ነው። ትሬላኒፓና ካሉር ላይ ወደ 200 የዴንማርክ ክሮነር ይከፈላል፣ ሌሎችም አሉ። ኖርዌይ ስለምትኖሩ ማንም በማንም መሬት ላይ በነፃ መራመድ ለምዳችኋል፣ ፋሮ ላይ ግን ያ መብት የለም። መሬቱ የገበሬ ነው። የበጎቹ ግጦሽ ነው፣ በበጋ ያ ሁሉ ጎብኚ ሲረግጠው ሣሩ ተልጦ ጭቃ ይሆናል፣ በዚያ አየር ደግሞ ሣር ተመልሶ እስኪበቅል ዓመታት ይወስዳል። በሌላ በኩል ስለመግባት አታስቡ። የእኛ ገበሬ ማሳው በማያውቀው ሰው ሲረገጥ ምን እንደሚሰማው እናውቃለን፣ እዚያም ያው ነው። ሳክሱን ውስጥ ሰው በመስኮት እያየ ቤታቸውን ፎቶ እስኪያነሳ ድረስ ነዋሪው ተማሮ ነበር። በር ከፍታችሁ ከገባችሁ መልሳችሁ ዝጉ፣ በግ እንዳታሯሩጡ፣ ድሮን ቤትና ወፍ ካለበት አርቁ።

ከፍላችሁ መግባት ካልቻላችሁ በነፃ የሚወጡ ጥሩ ተራሮችም አሉ። ክላክስቪክ ላይ ያለው ክላኩር ቀላል ነው፣ ከላይ ሆኖ የሰሜኖቹን ደሴቶች ያሳያል።

ድንኳን የሚተከለው በተፈቀደ ካምፕ ብቻ ነው፣ መኪና ውስጥ ማደርም እንዲሁ። ንፋሱን የሚችል ድንኳን ካልያዛችሁ ሆስቴል ይሻላል።

ሄሊኮፕተር ስለጠየቃችሁ፣ አዎ፣ ራቅ ላሉት ደሴቶች እንደ አውቶቡስ የሚመላለስ አለ፣ ከሚገመተው በላይ ርካሽ ነው። ግን የተዘጋጀው ለነዋሪው ስለሆነ ጎብኚ አንድ ጉዞ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፣ መመለሻችሁ በጀልባ ይሆናል። በሁሉም ቀን አይበርም፣ ቀድሞም ይሞላል።

ጥያቄ፦ መኪና መከራየት ወይስ አውቶቡስ? ገንዘቡስ ምንድን ነው? (ከኮፐንሃገን)

መልስ፦ ብቻህን ከሆንክና ጊዜ ካለህ አውቶቡስ ይበቃል፣ ሰማያዊዎቹ መንደሮቹን ያዳርሳሉ፣ ነገር ግን አንዳንዱ መንደር በቀን ሁለቴ ሦስቴ ብቻ ነው የሚያገኛቸው። ሁለት ሰው ከሆናችሁ መኪና ያዋጣል። ማታ ቀስ ብለህ ንዳ፣ በጎች መንገድ ላይ ይተኛሉ። ከገጨህ አትሂድ፣ ለፖሊስ ደውል፣ ባለቤቱ ይካሳል። ቶርስሃቭንና ክላክስቪክ ስታቆም የደረስክበትን ሰዓት የሚያሳየውን የፓርኪንግ ሰዓት መስታወቱ ላይ አድርግ፣ አለዚያ ቅጣት ነው። ሰዓታቸው ከኮፐንሃገን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ የጀልባ ሰዓት ስታይ አስብበት።

ገንዘቡ ክሮነር ነው፣ ዋጋው ከዴንማርኩ ጋር እኩል ነው፣ የዴንማርክ ብር ይቀበላሉ፣ ካርድም በየቦታው ይሠራል። መልስ የሚሰጡህ ግን በራሳቸው ኖት ሊሆን ይችላል፣ የደሴቶቹ ሥዕል ያለበት። እሱን ዴንማርክ ያለ ሱቅ አይቀበልህም፣ ከመውጣትህ በፊት ጨርሰው ወይም ባንክ ገብተህ ቀይረው።